ኪቦርዴን ይዘው መስጊድ የሄዱት ሰው

መርካቶ ውስጥ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እኔን የሚስተካከል ሰው የለም። ካላመናችሁ ከአትክልት ተራ እስከ ተክለ ሃይማኖት ያለውን ነጋዴ ሁሉ ጠይቁ። ይህ ማዕረግ የእኔ የሆነው ግን ካለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው፤ አንደኛው ሰው ኮልፌ የተቀበሩት ያን ዕለት ነውና። እስከዚያ ድረስ እኔ ሁለተኛ ነበርኩ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረውን ርቀት ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሁለተኛው አንደኛው ዘንድ ለመድረስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ መሳፈር፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ማደር፣ ደርሶም አድራሻ መጠየቅ ነበረበት።

ጋሽ ኸይሩ ይባላሉ። ሞቱ ሲባል መጀመሪያ አላመንኩም፤ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ሞተዋል። አንዴ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ገመድ ሲፈልጉ እንቅልፍ ወስዷቸው እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተገኘ፤ አንዴ ደግሞ ማኑዋል ሲያነቡ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቁ ስለቀሩ ሻይ አቅራቢዋ ጮኸች። ሁለቱንም ጊዜ ብድግ ብለው የተሰበሰበውን ሰው «ማነው የሞተው?» ብለው ጠይቀዋል። ያሁኑን የነገረኝ ግን የሕንፃችን ዘበኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ ቀልዶ አያውቅም።

ሱቃቸው ሸማ ተራ ጫፍ ላይ ባለው ሕንፃችን ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ጉድጓድ ነገር ነበረች። ጣሪያዋ ደረጃው ራሱ ስለሆነ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ትላለች። ደንበኛ በር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ጎንበስ ይላል፤ ጋሽ ኸይሩ ከኋላ እንደ ጋቢ ተጣጥፈው ይቀመጣሉ። የመነጽራቸው አንዱ ዘንግ ተሰብሮ በቻርጀር ገመድ ተተክቶ ነበር። ሰው አተኩሮ ካያቸው «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፤ ቶሎ ተናገር» ይሉታል።

የእኔ ሱቅ እዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሬ ላይ «ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ምሕንድስና ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ሰቅያለሁ፤ ሰሌዳው ከክፍሉ ይሰፋል። ጋሽ ኸይሩ መጀመሪያ የመጡ ቀን ሰሌዳውን ፊደል በፊደል አነበቡና አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው አንዱን ወንበሬንና አንዱን ጠረጴዛዬን አዩ። ከዚያ «ዓለም አቀፉ የትኛው ነው፣ ወንበሩ ነው ጠረጴዛው?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ኢንጂነር» እያሉ ጠሩኝ፤ ሕንፃው በሙሉ ተከተላቸው። ዲግሪዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት ሠላሳ ዓመት የጭነት መጋዘን በር ላይ ቆመዋል። ከየክፍለ ሀገሩ በመኪና የሚመጣውን ጆንያና ቦንዳ ተቀብለው ወደየባለቤቱ መምራት ነበር ሥራቸው። መጋዘኑ ሲዘጋ አሠሪያቸው መሰናበቻ ብለው ከቢሮ የተረፈ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጧቸው። ማን እንደጫነበት አይታወቅም፣ ውስጡ ሊኑክስ ነበር። ጋሽ ኸይሩ ለስድስት ዓመት ያህል በዓለም ላይ ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር መኖሩን አያውቁም ነበር። እኛ ኮሌጅ ገብተን «ሊኑክስ ከባድ ነው» እያልን ስናለቅስ፣ እሳቸው ቀላሉን ስላላዩት የሚያለቅሱበት ምክንያት አልነበራቸውም።

እንግሊዝኛም የተማሩት ከስህተት መልእክት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛቸው በሙሉ እምቢታ ነበር። ምሳ እየበሉ ሰው ከጠራቸው «ዲቫይስ ኢዝ ቢዚ» ይላሉ። ካቻቢቴያቸውን ሳይጠይቅ ያነሳ ሰው «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይባላል። አንድ ጊዜ የጠፋ ኮፍያቸውን ስንፈልግላቸው ውለን ብናጣው፣ «ኖ ሰች ፋይል» ብለው ባዶ ራሳቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ትእዛዝ ጽፈው ኤንተርን ከመጫናቸው በፊት ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ትእዛዙ አደገኛ ከሆነ ሦስት ጊዜ። «ሳያንኳኩ የሰው ቤት አይገባም» ይላሉ። የሰው ዲስክ ሲመጣላቸው ደግሞ የመጀመሪያው ሕጋቸው «እጅህን ኪስህ ክተት» ነበር። መጀመሪያ ታያለህ፣ ከዚያ ታስባለህ፣ ከዚያ ደግመህ ታያለህ፣ መንካቱ ከመጣም በመጨረሻ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ እነካለሁ፣ ከዚያ እደነግጣለሁ፣ ከተረፈ ነገር አያለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የጥልፍ ሠሪዎቹ ነገር የመጣውም በዚሁ ጠባዬ ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሰባት የጥልፍ ንድፍ የሚሠሩ ሴቶች አንድ ሰፊ ክፍል ተጋርተው ይሠራሉ። ዛሬ የቀሚስ ጥልፍ በኮምፒውተር ይነደፍና ምድር ቤት ያለው ማሽን አንብቦ ይሰፋዋል። የሰባቱም ንድፍ ያለው አንድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ጠዋት አራተኛ ፎቅ፣ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ይውላል፤ ሲወጣም ሲወርድም በዘንቢል ነው። ሕጋቸው አጭር ነው። የሌላዋን ንድፍ ማየት ለሁሉም ይፈቀዳል፤ መንካት ግን ለባለቤቷ ብቻ። ይህን ሕግ የሚያስከብረው ከርነሉ ነው። ከርነል ማለት የማሽኑ የውስጥ ዘበኛ በሉት፤ ማን ምን እንደሚነካ ፈቃጁም ከልካዩም እሱ ነው።

ከሴቶቹ መካከል አስካለና ዘምዘም ለብቻቸው አንድ አገር ነበሩ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አሥራ አምስት ዓመት በአንድ መቀስ ሠርተዋል። ሁለተኛ መቀስ መግዛት አቅቷቸው አይደለም። ዘምዘም «መቀስ ካልተቀባበልን በምን እናወራለን?» ትላለች። አስካለ ከቀትር በፊት አትስቅም፤ ዘምዘም ከጀመረች አታቆምም።

ጥምቀት ሲቃረብ የአራተኛ ፎቁ ኮምፒውተር ሞተ። አዲስ የገጠምኩላቸው እኔው ዓለም አቀፉ ነኝ። የሰባቱን ስም መመዝገብ ነበረብኝ። ሴቶቹን ከሥራ ላለማስፈታት ብዬ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካገኘሁት ወረቀት ስማቸውን በተርታ ገለበጥኩና እጄን አራግፌ ወጣሁ። ለአንድ ሳምንት በአዲሱ ማሽን ሆድ ውስጥ አዳዲስ ንድፍ ሲሠሩ ሰነበቱ። ዲስኩ ያን ሳምንት የስፌት ጥድፊያ ስለነበር ከምድር ቤት አልተነሳም። በስምንተኛው ቀን በዘንቢል ወጣ።

የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ለበዓሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ አዝዘው ነበር። የመረጡት የአስካለን ንድፍ ነው፤ ከሞተች እናቷ ቀሚስ ላይ አይታ ያወጣችውን። አስካለ ንድፉን ከፍታ አንዲት የአበባ ቅጠል ጠበብ ልታደርግ ስትል ማሽኑ ፈቃድ የለሽም አላት። ደግማ ሞከረች። ፈቃድ የለሽም። ባለቤቱ ማነው ብላ ብታይ፣ ዘምዘም ይላል። የሚቀጥለውን ከፈተች፤ ዘምዘም። የአሥራ አምስት ዓመት ሥራዋ በሙሉ፣ ዘምዘም።

ዘምዘም አጠገቧ ነበረች። አየችና ሳቀች። ነገሩን ያበላሸው ሳቋ ነው።

ተጠርቼ ስደርስ አስካለ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጥታታለች። ክንዳቸው ሊነካካ እየደረሰ በእኔ በኩል ይነጋገሩ ጀመር።

«ንገርልኝ ኢንጂነር፣ አበባዬን ስትወስድ እናቴንም አብራ እንደወሰደች።»

«ንገራት፣ እኔም የራሴን መንካት አቅቶኛል። የኔዎቹ በሷ ስም ነው ያሉት።»

«ንገርልኝ፣ ልውውጥ መሆኑ ነው? ማን ጠየቀኝ በላት?»

እኔ መሃል ቆሜ እንደ ገመድ አስተላልፋለሁ፤ የሚያቃጥለውን እየቀነስኩ። በመጨረሻ አስካለ ለሁላችንም ነገረችን፤ ነገ በጠዋት ዕቃዋን ታወጣለች። ጋሪ አዝዛለች። አምስቱ ሴቶች መርፌ እንኳ አላነሱም። ዘምዘም ሳቋ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፍቶ መቀሱን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ «ማሽኑ ነው፣ ማሽኑ ነው» እያልኩ ዲስኩን በዘንቢል ይዤ ወደ ሱቄ ወረድኩ።

ሁለተኛ ፎቅ ሳልደርስ ገባኝ። ግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀት ማን በየትኛው ቀን ሻይ እንደምታፈላ የሚያሳይ የሻይ ተራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይል ላይ የባለቤቱ ስም አይጻፍም፤ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ እያንዳንዱ ማሽን ከየራሱ ዝርዝር ያያል፤ ቁጥሩንም የሚያድለው በተመዘገቡበት ተራ ነው። በዲስኩና ምድር ቤት ባለው ማሽን አንድ ቁጥር አስካለ፣ ሁለት ቁጥር ዘምዘም ናት፤ ወደ ክፍሉ በገቡበት ቅደም ተከተል። የሻይ ተራውም በዚያው ቅደም ተከተል ነበር የወጣው። ልዩነቱ አስካለ ሰኞ ሰኞ ስለምታረፍድ ዘምዘም «እኔ ሰኞን ልያዝልሽ» ብላ ተቀያይረው ነበር። ስለዚህ በእኔ አዲስ ማሽን የሰኞዋ ዘምዘም አንድ ቁጥር፣ የማክሰኞዋ አስካለ ሁለት ቁጥር ሆነች። የቀሩት አምስቱ በየቦታቸው ናቸው። ከሰባት ሴት መርጬ ያቀያየርኩት እነዚያኑ ሁለቱን ነው።

ይህ በሸማ ተራ ቢሰማ ሰሌዳዬን ለማገዶ እንኳ የሚወስድልኝ አይገኝም። ስለዚህ በዝምታ ላስተካክል ወሰንኩ። ዲስኩን ገጠምኩና የፋይሎቹን ባለቤት እየፋቀ አዲስ የሚጽፈውን ትእዛዝ በሁለት መስመር ጻፍኩ። አንድ ቁጥር የሆነውን ሁሉ ሁለት አድርግ፤ ከዚያ ሁለት ቁጥር የሆነውን ሁሉ አንድ አድርግ። እንዲህ ያለ ያማረ ነገር ጽፌ አላውቅም። ጣቴ ኤንተር ላይ ነበረች።

ጋሽ ኸይሩ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እኔ ዘንድ የቆየውን ካቻቢቴያቸውን ሊወስዱ ገቡ። እንደ ልማዳቸው ስክሪኔን ከታች ወደ ላይ አነበቡት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቀላል ነገር ነው ጋሼ። የባለቤት ስም እያስተካከልኩ ነው።»

«አንድን ሁለት ታደርጋለህ። እሺ። ከዚያ ሁለትን አንድ ታደርጋለህ።»

«አዎ።»

«ሁለት ቁጥር ላይ ያን ጊዜ ማን ማን አለ?»

ጣቴን ከኤንተር ላይ አነሳሁ፤ መልሶ የሚወድቅ ስለመሰለኝ በሌላው እጄ ያዝኩት። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ አስካለና ዘምዘም ሁለት ቁጥር ውስጥ ይቀላቀላሉ። ሁለተኛው መስመር የተቀላቀለውን በሙሉ አንድ ያደርገዋል። የሁለት ሴቶች አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ድስት ይገባል፤ የቱ የማን እንደነበር ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አይኖርም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሻይ ተራው ላይ ስደርስ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ትከሻቸው ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። በመሃል መሸጋገሪያ የሚሆን ሌላ ቁጥር ልጠቀምና ላቀያይር አልኳቸው። ዲስኩ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ሲወርድስ አሉኝ፤ እዚያ አንድ ቁጥር አሁንም አስካለ ናት። እንግዲያው የአዲሱን ማሽን ዝርዝር ልቀይር አልኳቸው። እሱም ሆዱ ውስጥ የሳምንት ሥራ አለ አሉ፤ እዚያ ደግሞ አንድ ቁጥር ዘምዘም ናት። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የትኛውን ልትገድል ነው አሉኝ።

ያን ጊዜ የቀትሩ ሰላት፣ የዙሁር አዛን ተሰማ። ጋሽ ኸይሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ጣቴን አዩ። ያ ያማረ ትእዛዜ ስክሪኑ ላይ እንደተደቀነ ነው። ጎንበስ ብለው ኪቦርዴን ከኮምፒውተሩ ነቀሉና ገመዱን ጠቅልለው በብብታቸው ሥር አደረጉት።

«ማውሱን ትቼልሃለሁ» ብለው ወጡ።

ደረጃው ላይ ሮጬ ብደርስባቸውም አልሰጡኝም። ሸማ ተራን በሙሉ ኪቦርድ ታቅፈው አቋረጡት። ነጠላ የሚያማርጡ ሴቶች፣ ቦንዳ የተሸከሙ ሰዎች፣ ሁሉም ዞር እያለ ያያል። አንዱ ተሸካሚ «ጋሼ፣ ሰላት በኮምፒውተር ሆነ እንዴ?» ሲላቸው፣ የታሰረ ሰው ዋስትናው ነው ብለው መለሱለት አሉ። መስጊድ በር ላይ ጫማ ጠባቂው ኪቦርዴን ከጫማቸው ጋር መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ቁጥር ሰጥቶታል። እኔ ሱቄ ውስጥ ማውስ ይዤ ቀረሁ። ማውስ ይዞ ብቻውን ስለሚቀር ሰው ማንም ጽፎ አያውቅም።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። ኪቦርዱን ሳይሰጡኝ ቁጭ አሉና ስለ መጋዘኑ አወሩኝ። የዲላው ቅርንጫፍ ደንበኞቹን በራሱ ቁጥር ይጠራ ነበር፤ መርካቶም በራሱ። ከዲላ ጆንያው ላይ ሰባት ተጽፎ የሚመጣው ሰውዬ መርካቶ ውስጥ አሥራ ሁለት ነው፤ የመርካቶው ሰባት ጭራሽ ሌላ ሰው ነው። አንድ አዲስ ሠራተኛ ችግሩን አይቶ ጆንያዎቹን በቀለም እየሰረዘ አዲስ ቁጥር ይጽፍባቸው ጀመር። ያልተሸጠው ጆንያ ወደ ዲላ ሲመለስ እዚያ ለሌላ ሰው ተሰጠና ሰው ከሰው ተጣላ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት አንድ ጆንያ ቀለም ቀብቼ አላውቅም» አሉ። «በር ላይ ካርቶን ሰቀልኩ። የዲላ ሰባት፣ እኛ ጋ አሥራ ሁለት። ሲገባ ካርቶኑን አያለሁ፤ ሲወጣ ካርቶኑን በተቃራኒው አያለሁ። ጆንያው የመጣበትን ቁጥር ይዞ ይኖራል።»

«ይሄ ጆንያ አይደለም ጋሼ፣ ከርነል ነው።»

«ከርነል በር የለውም ያለህ ማነው?»

በር አለው። ዲስክ ከማሽን ጋር የሚያያዝበት ቦታ፣ እኛ ማውንት የምንለው፣ በሩ እሱ ነው። ጋሽ ኸይሩ ማኑዋልን እንደ ኪታብ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው የሚያነቡት፤ በቅርብ የወጡት ከርነሎች በዚያ በር ላይ ካርቶን መስቀል እንደሚችሉ አንብበው ነበር። ዲስኩ ላይ አንድ የተባለውን እዚህ እንደ ሁለት ቁጠር፣ ሁለት የተባለውን እንደ አንድ ቁጠር ትለዋለህ። እዚህ አዲስ ነገር ሲጻፍ ደግሞ መልሶ በዲስኩ ቁጥር ይጽፈዋል። ዲስኩ ላይ ያለው የባለቤት ቁጥር አይነካም። ያችው ዲስክ ሌላ ቤት ስትገባ ካርቶኑ አይከተላትም፤ የበሩ ነዋ።

የእኔ ማሽን ከርነል አሮጌ ስለነበር መታደስ ነበረበት። እኔ በስልኬ ኢንተርኔት እየሳብኩ፣ ጋሽ ኸይሩ ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አድርገው እየጠበቁ፣ ዘምዘም በሩ ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ማሽኑ የኔ ነው ካለ፣ ሳላውቀው ነክቼ ወስጄባት ይሆን? እኔ እኮ አንዳንዴ ሳላይ ነው የምጫነው።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። አሥራ አምስት ዓመት ያልሰረቀች ሴት በእኔ የሻይ ተራ የተነሳ ራሷን መጠርጠር ጀምራለች። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ከበሩ በላይ የሰቀልኩት ሰሌዳ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት።

«አልወሰድሽም ልጄ» አሏት ጋሽ ኸይሩ። «ዲስኩም አልዋሸም፣ አንቺም አልወሰድሽም። ትንሽ ታገሺን።»

ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እየነገሩኝ። ኪቦርዱን ሲያስረክቡኝ እንኳ አንዱን ጫፍ አልለቀቁም። ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ አንኳኩ። «ቢስሚላህ በል» አሉኝ። ክርስቲያን ነኝ ጋሼ ስላቸው፣ ያንተንም በል አሉኝ፣ አንዱ ካልሰማ ሌላው ይሰማል። የእኔንም አልኩ። ተጫንኩ።

አዲሱ ማሽን አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ይህ ሙከራችን ነበር፤ የሰባቱን ስም በሻይ ተራው ቅደም ተከተል እኔው ማሽን ላይ አስገብተን ነው የሞከርነው። የአስካለ ንድፎች በሙሉ በአስካለ ስም ተደረደሩ፤ የዘምዘምም በዘምዘም። ጋሽ ኸይሩ ግን አላመኑም። ዲስኩን አስነቅለው በዘንቢል ምድር ቤት አወረድነው። እዚያም የአስካለ የአስካለ፣ የዘምዘም የዘምዘም። በአንድ ዲስክ ላይ አንድ ቁጥር ሳይነካ ሁለት ማሽን ተስማማ። እኔ ደረጃው ላይ መዝለል ጀመርኩ፤ ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው፣ ክብደቴን አልናገርም። ጋሽ ኸይሩ «ቀስ በል፣ ሱቄ ከደረጃው ሥር ነው» አሉኝ።

ከዚያ አራተኛ ፎቅ ወጥተን እዚያ ያለውን ማሽን እንደዚያው አደረግነው። ሰባቱም ሴቶች ዙሪያችንን ቆሙ። አስካለ ተቀመጠች፤ የእናቷን ንድፍ ከፈተች። ያችን ቅጠል ያዘቻትና ትንሽ አጠበበቻት። ማሽኑ ዝም አለ፤ አስቀመጠላት። ስሙን አየች። ሌላም ከፈተች፣ ሌላም። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ምን ነበር?» አለች በመጨረሻ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጋሽ ኸይሩ ዞርኩ።

«ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ሰው አያውቅም ነበር» አሉ እሳቸው። «ኢንጂነሩ በር ላይ አስተዋወቀው። ማንም ከማንም የወሰደ የለም።»

አስካለ ለዘምዘም ጀርባዋን እንደሰጠች ነው። አንገቷ ቀልቷል። ቀጥታ መናገር ስላቃታት በለመደችው መንገድ መጣች።

«ኢንጂነር፣ ለዘምዘም ንገርልኝ፤ መቀሱን ታቀብለኝ።»

«ንገራት» አለች ዘምዘም፣ «ፈቃድ የለሽም በላት።»

መጀመሪያ የሳቀችው አስካለ ናት፤ ያውም ከቀትር በኋላ ስለሆነ ተፈቅዶላት ነው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ፈረሰ። ዘምዘም እየሳቀች አለቀሰች፤ አስካለ ወንበሯን እያዞረች የሷን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላታለች፣ «ሌባዬ» እያለች። በማግስቱ ጋሪው መጣ። ባዶውን እንዳይመለስ የሞተውን ኮምፒውተር ጭነው ወደ አሮጌ ዕቃ መሸጫው ምናለሽ ተራ ላኩት።

ስንወርድ ደረጃው ላይ ለምን እንዲህ አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ያስተካከሉት እሳቸው፣ ያበላሸሁት እኔ። ጋሽ ኸይሩ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆሙ።

«የሸማ ተራ ሰው ስምህን ካነሳብህ ማን ሥራ ይሰጥሃል? ሲበርድ አንተው ትነግራቸዋለህ» አሉና ካቻቢቴያቸውን ከኪሴ አውጥተው ወሰዱ።

ሲበርድ ብለዋል። ሦስት ጥምቀት አለፈ። በየበዓሉ አስካለና ዘምዘም «ያስታረቀን» እያሉ ነጠላ ይሰጡኛል፤ ነጠላው ሦስት ሆኗል፣ አልመለስኩም። እሳቸው ደግሞ ከደረጃው ሥር ሆነው ነጠላዬን ባዩ ቁጥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አስካለና ዘምዘም ከጋሽ ኸይሩ ልጅ፣ ከወራቤ ከመጣችው ከሰሚራ ጎን ተቀምጠዋል። ሰሚራን አይቻት አላውቅም፤ እሷም አታውቀኝም። ገብቼ ስቀመጥ አስካለ ሰው ሁሉ እየሰማ ያን ታሪክ ከሥሩ ጀምራ ተረከችላት። በታሪኩ ውስጥ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ አባቷ ኪቦርድ የሚይዙ ረዳቴ ናቸው። ዘምዘምም እውነት ነው እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታና ሰዓት አልነበረም፤ ሁሉም አፌን እያዩ ነበር።

ሰሚራ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «አባቴን ኮምፒውተር ያስተማሩልን እርስዎ ነዎት ለካ። አላህ ይስጥልን» አለችኝ።

«ኧረ ምንም አይደል» አልኳት።